በሁለተኛው ዓመት የመጡት ሰው

አንዲት ሴት ስልሳ አራት ልጆች ፊት ቆማ፣ የያዘችውን ጠመኔ መሬት ላይ ወርውራ አለቀሰች።

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚህች ሴት ነው። መምህርት ናት። አንደኛ ክፍል ነው የምታስተምረው። ስልሳ አራት ልጅ! እናንተ ሦስት ልጅ ይዛችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ላይ «ጌታ ሆይ፣ ምነው ትምህርት ቤት ቅዳሜም በኖረ» የምትሉ፣ እስቲ ስልሳ አራቱን በአንድ ክፍል አስቡት።

ስሟ አስካለ ነው። ያን ጊዜ ማስተማር ከጀመረች ዐሥረኛ ዓመቷ ነበር። ከተማዋ ትንሽ የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ በየቀኑ ረፋድ ላይ ጫት የጫነ መኪና አቧራ እያስነሣ የሚያልፍባት። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ሱቆች አሉ። ከሱቆቹ ጀርባ ደግሞ መጋረጃ የተጋረደባቸው ክፍሎች አሉ። እዚያ ውስጥ ምን እንደሚደረግ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ።

አስካለ ለምን አለቀሰች? ይህን ለመንገር አንድ ዓመት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከአንድ ድርጅት ሁለት አሠልጣኞች መጥተው በአካባቢው ካሉት ትምህርት ቤቶች ዐሥራ ሁለት የአንደኛ ክፍል መምህራንን ሰበሰቡ። ልጆችን ከሱስ ለመጠበቅ ብለው አራት ቀን አሠለጠኗቸው። ምን አሠለጠኗቸው? ጨዋታ። አትሳቁ! ጨዋታ ነው ያሠለጠኗቸው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ክፍሉ በአራት ቡድን ይከፈላል። ሕጉ ጥቂት ነው፤ ሰው ሲናገር ማዳመጥ፣ እጅን መሰብሰብ፣ ሳያስፈቅዱ አለመነሣት፣ ጓደኛን በደግ ቃል መናገር። መምህሩ «ጀምረናል» ይልና ትምህርቱን ያስተምራል። ሕግ የጣሰ ልጅ ካለ ለቡድኑ አንድ ምልክት ሰሌዳ ላይ ይደረጋል። ስድብ የለም፣ ዱላ የለም። ሰዓቱ ሲያልቅ ምልክቱ ያልበዛበት ቡድን ሁሉ ያሸንፋል። አራቱም ማሸነፍ ይችላሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ታዲያ ይኼ ከሱስ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉኝ ይሆናል። አስካለም እጇን አውጥታ ይህንኑ ጠየቀች። ከአሠልጣኞቹ አንዷ፣ ፍሬሕይወት የምትባል፣ እንዲህ ብላ መለሰችላት፦

«ልጅ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ክኒን ሲዘረጋለት 'እንቢ' ማለትን በዚያኑ ቀን አይማረውም። ራሱን መግታትን፣ ጓደኛውን መስማትን፣ የፈለገውን ነገር መጠበቅን በሰባት ዓመቱ ከለመደ ያን ቀን የሚይዘው ነገር ይኖረዋል። ሌላ አገር ይህን የሞከሩ ሰዎች ልጆቹ እስኪያድጉ ተከታትለው ልዩነቱን አይተዋል። ግን መምህርት፣ ፍሬውን ቶሎ አትጠብቂው። ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው።»

ከዐሥር ዓመት በኋላ! ወገኖቼ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ለሚበላ እራት ዛሬ ተቀምጦ ሽንኩርት የሚከትፍ ማን ነው?

መምህር ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ደስ ይል ነበር። አሠልጣኞቹ በየወሩ ይመጣሉ፣ ክፍል ይገባሉ፣ ያበረታታሉ። አስካለ በመስኮቱ ላይ ታስቀምጠው የነበረውን አርጩሜ በራሷ እጅ ሰብራ ጣለችው። ዓመቱ አለቀ። የድርጅቱም ሥራ አለቀ። አጨበጨብን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ሸኘናቸው።

ከዚያስ? ከዚያ ሁለተኛው ዓመት መጣ።

አንዱ መምህር ተዛወረ። አንዷ ወለደችና ስትመለስ ሌላ ክፍል ተሰጣት። አንዱን «የመጽሐፉን ይዘት ጨርስ» አሉትና ተወው። በመካከላቸው ክፉ ሰው አልነበረም። ማንም «አቁሙ» አላለም። «እንዴት እየሄደ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ስለጠፋ ብቻ፣ አንድ በአንድ፣ ድምፅ ሳይሰማ ቆመ።

እኔስ? እኔ ያን ጊዜ ገና ለአገልግሎት አልተጠራሁም፤ እዚያው ትምህርት ቤት የአስካለ ጎረቤት ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ከዐሥራ ሁለቱ ሠልጣኞች አንዱ ነኝ። ጥቅምት ላይ ተውኩት። ስተወው እንኳን አልታወቀኝም። አንድ ሰኞ ረሳሁት፣ ማክሰኞ ደከመኝ፣ በቃ። እንዲያ ነው መልካም ነገር የሚሞተው። ታሞ አይሞትም፤ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነው የሚሞተው።

አስካለ እስከ ኅዳር ታገለች። እሷን ያሸነፈቻት አንዲት ልጅ ናት።

ንጋቷ ትባላለች፤ የሰባት ዓመት ልጅ። ቡድኗ ሊያሸንፍ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ትነሣለች። የጎረቤቷን ደብተር ትጎትታለች፣ ትጮኻለች፣ ዴስክ ትረግጣለች። ቡድኑ ይሸነፋል። ልጆቹ ጠሏት፤ «ከእሷ ጋር አንሆንም» አሉ። አስካለ ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ ቡድኗን ቀየረች። አልሆነም። አንድ ቀን ንጋቷ አጠገቧ የተቀመጠችውን ትዕግሥትን እጇን ነከሰቻት። ክፍሉ ተነሥቶ ጮኸ። አስካለ ሳታስበው እጇን ወደ መስኮቱ ሰደደች። ምን ፍለጋ? አርጩሜውን። አርጩሜው ግን የለም። እጇ ባዶውን መስኮት ነካ።

ጠመኔውን የወረወረችው ያን ጊዜ ነው። ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።

ልጆቹ ሲወጡ የጨዋታው ሕግ የተጻፈበትን ፖስተር ከግድግዳው ላይ አወረደች። ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችውና ወደ ቤቷ ሄደች።

መንገድ ላይ፣ ከሱቅ ጥግ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ወጣት ጠራት። ጉንጩ በጫት ተወጥሯል፣ ዐይኑ ፈዟል። የንጋቷ ታላቅ ወንድም ነው፤ ወንድይፍራው ይባላል። ዕድሜው ዐሥራ ስድስት። አስካለ ታውቀዋለች። መምህርት በሆነች በመጀመሪያው ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረችው ልጅ ነው።

«ቲቸር! ንጋቷ አስቸገረችዎት አይደል?»

«አስቸገረችኝ፣ ወንድዬ።»

«መቷት?»

«አልመታኋትም።»

«አይምቷት። እኔን ይመቱኝ ነበር፤ ያስታውሳሉ? አርጩሜው ያልቃል እንጂ እኔ አልቀመጥም ነበር።» ሣቀ። በክፋት አልነበረም፤ እንደ ድሮ ጨዋታ ነው ያወራት።

አስካለ አስታወሰች። መቀነስን ከሁሉ ቀድሞ የገባው ልጅ እሱ ነበር። መቀመጥ ግን አይችልም። ስለዚህ መታችው። ዓመቱን ሙሉ መታችው።

«ወንድዬ፣ ይቅር በለኝ» አለችው።

ሣቁ ቆመ። «ለምኑ ቲቸር?»

«ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። የማውቀው መምታትን ብቻ ነበር።»

ወንድይፍራው አንገቱን ደፋ። «የመታኝ ሰው ብዙ ነው ቲቸር» አለ። «ይቅርታ የጠየቀኝ ግን የለም። እንግዲህ… ለንጋቷ ይሁንላት። እኔማ…» አልጨረሰውም።

አያችሁ ወገኖቼ? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ አባቶች። ይህን ልጅ ሱስ በአንድ ቀን አልወሰደውም። እያሣቀ፣ እያጫወተ፣ በጓደኛ ትከሻ ላይ አድርጎ ነው የወሰደው።

አስካለ ቤቷ ገብታ ለባሏ «አንዱን አጥቼዋለሁ፤ እኅቱን ግን አላጣትም» አለችው። እንዴት እንደማታጣት ግን አታውቅም። ብርታቱ አልቋል። ዘዴው አልቋል። አሠልጣኞቹ ሄደዋል። ማንን ትጠይቅ?

በማግሥቱ አቶ ደምረው መጡ።

አቶ ደምረው አምስት ትምህርት ቤቶችን የሚቆጣጠሩ ሱፐርቫይዘር ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ዓመት ቀርቷቸዋል። ሱፐርቫይዘር መጣ ሲባል መምህር ምን ይሆናል? መምህራን እዚህ አላችሁ፣ ታውቁታላችሁ፤ ዕቅድ ፍለጋ ነው፣ ሩጫ ነው። እሳቸው ግን ያን ቀን ዕቅድ አልጠየቁም። ግድግዳውን አዩ።

«ፖስተሩ የት ሄደ?»

«አወረድኩት ጋሼ። አልቻልኩም።»

አስካለ ቁጣ ጠበቀች። እሳቸው «ጥሩ» አሉ። «አልቻልኩም የሚል የሞከረ ሰው ነው። ነገ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ከኋላ ልቀመጥ? ፈቃድሽ ከሆነ ነው።»

«ሊገመግሙኝ ነው?»

«ቅጹን ቢሮ ትቼው እመጣለሁ።»

በማግሥቱ መጥተው በልጆች ዴስክ ላይ፣ ጉልበታቸው ደረታቸውን ነክቶ ተቀመጡ። አንዲት ወረቀት ይዘዋል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ወረቀቷን ለአስካለ ሰጧት። ሁለት ረድፍ ጭረት ነው።

«በግራ ያለው የተቆጣሽው ነው። በቀኝ ያለው ያመሰገንሽው ነው።»

በግራ ሠላሳ አንድ። በቀኝ ሁለት።

አስካለ ፊቷ ቀላ። አቶ ደምረው «ይህች ወረቀት የማንም አይደለችም፣ ያንቺ ናት። ከፈለግሽ ቅደጂያት» አሏት። «ሌላ ነገርም አይቻለሁ። ንጋቷ የምትረብሸው መቼ መቼ ነው?»

«ሁልጊዜ ነው ጋሼ!»

«አይደለም። ስታወሪ ደህና ነበረች። ስትዘምሩ ደህና ነበረች። ሰሌዳ ላይ ጽፈሽ 'ገልብጡ' ስትይ ነው የተነሣችው። ሁለቴም እንዲያው ነው። ከመነሣቷ በፊት ዐይኗን አጥብባ ታያለች። ልጄ፣ ይህች ልጅ ሰሌዳው አይታያትም መሰለኝ።»

ወገኖቼ፣ አስካለ ሰነፍ ነበረች? አልነበረችም። ልጅቷን አልወደደቻትም? ወዳታለች። ግን ስልሳ አራት ልጅ ፊት የቆመ ሰው ሁሉን ማየት አይችልም። ከኋላ የሚቀመጥለት ሌላ ዐይን ያስፈልገዋል።

ንጋቷን ወደ ፊት ዴስክ አመጧት። ፖስተሩ ተመልሶ ተሰቀለ። የጨዋታውንም ጊዜ ከዐሥራ አምስት ደቂቃ ወደ ሦስት ደቂቃ አወረዱት። «የሚያሸንፉበትን ያህል አሳጥሪው» አሉ አቶ ደምረው፤ «ማሸነፍን ሳይቀምሱ ሽንፈት ብቻ አታስለምጃቸው።» አስካለ «ጀምረናል» አለች። አንድ ደቂቃ። «ንጋቷ፣ እጅሽን ሰብስበሽ ሳይሽ ደስ አለኝ።» ሁለት ደቂቃ። ሦስት። አለቀ! አራቱም ቡድኖች አሸነፉ።

ሽልማቱ ምን ነበር? ከረሜላ? ደብተር? በአንድ እግር እየዘለሉ ክፍሉን አንዴ መዞር ነው! ንጋቷ ከሁሉም በላይ ዘለለች። ተነክሳ የነበረችው ትዕግሥት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «ነገም እንዲህ ሁኚ፣ እሺ?» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ንጋቷ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ልጅ ነከሰች። አቶ ደምረውም በሚቀጥለው ሳምንት መጡ። ከዚያ በሚቀጥለውም መጡ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፣ ልብ በሉ፤ ተመልሰው መጡ። በሁለተኛው ዓመት፣ ካሜራ በሌለበት፣ ጭብጨባ ባለቀበት ዓመት መጡ።

ወደ እኔም መጥተዋል። «ልቀመጥ?» አሉኝ። «ጊዜ የለኝም ጋሼ» አልኳቸው። በሳምንቱ ተመለሱ። «ፈተና አለብን» አልኳቸው። በሦስተኛው ሳምንት በሩ ላይ ቆመው «ዛሬስ?» ሲሉኝ አፈርኩና አስገባኋቸው። የእኔ ወረቀት በግራ በኩል ስንት እንደነበረ አልነግራችሁም። እሱ በእኔና በአቶ ደምረው መካከል የቀረ ነው።

ከዚያ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ መሰብሰብ ጀመርን። አራት ሰው። የተሰበሩ ዴስኮች በተከመሩበት መጋዘን ውስጥ። አቶ ደምረው ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ዛሬ ምን አልሆነላችሁም?» የሆነልንን አይጠይቁም፤ ያልሆነልንን። መምህር «አልሆነልኝም» ማለት ያፍራል። አስካለ ጀመረች። ከዚያ እኔ። ከዚያ ማን ያስቆመን!

ሰው ሣቀብን። አቶ ደምረውን «የዕቃ ዕቃ ሱፐርቫይዘር» አሏቸው። አንድ ስብሰባ ላይ አንድ ባለሥልጣን በሰው ፊት «አቶ ደምረው፣ ዕቃ ዕቃው እንዴት ነው?» ብሎ አሾፈባቸው። አዳራሹ ሣቀ። እሳቸው ተነሡ። «ደህና ነው» አሉ። «ቤት መምራት የሚለመደው በዕቃ ዕቃ ነው።» ተቀመጡ። እኔ እዚያ ነበርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መምህር በመሆኔ የኮራሁበት ቀን የለም።

ሦስት ዓመት አለፈ፤ አቶ ደምረው ጡረታ ወጡ። «አሁንስ አበቃለት» አልን። በዚያው ዓመት አዲስ ርዕሰ መምህር ተመደበልን፤ አቶ በሪሁን ይባላል። ወጣት ነው፣ የሒሳብ ሰው ነው፣ ሥራ ይወዳል። አስካለን ቢሮው ጠራት።

«መምህርት አስካለ፣ ይዘቱ ሳያልቅ ጨዋታ?»

«አቶ በሪሁን፣ አንድ ቀን ሰዓትዎን ይዘው ይምጡ። ደውል ከተደወለ ትምህርት እስክጀምር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅብኝ ይለኩ። ከዚያ ጨዋታው የሌለበት አንድ ክፍል ገብተው ይለኩ።»

ሄዶ ለካ። በአስካለ ክፍል ሁለት ደቂቃ። በሌላው ክፍል ዐሥራ አራት ደቂቃ። ግቢው መሐል ቆሞ በጣቱ ሲያሰላ አይተነዋል፤ በቀን፣ በሳምንት፣ በዓመት። ተመልሶ መጣና «ከእኔ ምን ይፈልጋሉ?» አላት።

ምን የጠየቀች ይመስላችኋል? አበል? አዲስ ፖስተር? ሌላ ሥልጠና?

«ሐሙስ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ክፍሌን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለችው። «አዲሶቹ መምህራን ክፍል ገብቼ ከኋላ ልቀመጥ።»

«ሰው የለኝማ፣ መምህርት!»

«አለዎት።»

«ማን?»

«እርስዎ።»

አንድ ርዕሰ መምህር፣ በአንደኛ ክፍል ሕፃናት ፊት! በዚያው ሐሙስ ገባ። ሲወጣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ሱሪው ጠመኔ ለብሶ ነበር። «አንዲት ልጅ ስትናገር አቋርጬያት» አለን፣ «ሌላዋ ተነሥታ 'ጋሼ፣ ምልክት ይደረግብዎታል' አለችኝ!» እየሣቀ ነው የነገረን። ስድስት ዓመት ሙሉ ሐሙስን አላጓደለም። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወርም ሐሙስን ይዞት ሄደ።

እንዲህ እያለ፣ አስካለ ካለቀሰችበት ቀን ዐሥራ አንድ ዓመት ሞላ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት ከባጃጅ ወረደች። አሠልጣኟ ፍሬሕይወት ናት፤ ፀጉሯ ሸብቷል። የድሮ ሥራቸው የት እንደደረሰ እየዞረች ታይ ነበር። በብዙ ቦታ ያገኘችው በግድግዳ ላይ የፖስተር ሙጫ ብቻ ነው። እዚህም ብዙ አልጠበቀችም። አስካለን ስታገኛት «መምህርት፣ ከዚያ ነገር የተረፈ ይኖራል?» ብላ በሐፍረት ጠየቀቻት።

አስካለ እጇን ይዛ አንደኛውን ክፍል በር ከፈተችላት። አራት ቡድን፤ ሰሌዳው ላይ ምልክት። ሁለተኛውን ከፈተችላት። ሦስተኛውን። ከኋላ ዴስክ ላይ አንዲት መምህርት ወረቀት ይዛ ተቀምጣለች። ከዚያም ወደ ሌላው ትምህርት ቤት ወሰደቻት። በአምስት ትምህርት ቤት፣ ዐሥራ ዘጠኝ ክፍል! ከመምህራኑ ግማሹ ፍሬሕይወትን አይቷት አያውቅም፤ ስሟንም አልሰማም።

ፍሬሕይወት ኮሪደሩ ላይ ቆመች። «ማን ረዳችሁ?» አለች።

«እርስ በርሳችን» አለች አስካለ። አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የተናገረችው። ያ አንገት ስንት ጊዜ ተደፍቶ እንደነበረ የማውቅ እኔ፣ ዕንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ንጋቷስ? ንጋቷ በዚያ ዓመት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። ዐሥረኛ ክፍል ሳለች የሆነውን ለአስካለ እንዲህ ብላ ነግራታለች፦ «ልደት ተብለን ሄድን። ክፍሉ መጋረጃ አለው። ክኒን በሳሕን ላይ ዞረ። ቲቸር፣ ጀግና አልነበርኩም፣ ፈርቼ ነበር። ግን ተነሣሁ። ትዕግሥትን እጇን ይዤ 'እንሂድ' አልኳት። መጣች። ሌሎች ሁለት ተከተሉን።»

ጨዋታው ነው ያወጣት? የእናቷ ጸሎት ነው? በወንድሟ ላይ ያየችው ነው? አላውቅም። ሚዛን የለኝም። ከዚያ ክፍል ልጆች ሁሉም አልዳኑም፤ ሁለቱን ሱስ ወስዷቸዋል፣ ስማቸውን እናውቃለን፣ አልረሳናቸውም። ግን ያ ሳሕን ሲዞር ከመካከላቸው የተነሣ ነበረ፣ የተከተለም ነበረ።

ወንድይፍራውም ብዙ ወድቆ፣ ብዙ ተነሥቶ፣ ዛሬ ከሱስ ከራቀ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ብየዳ ቤት ይሠራል። ባለፈው ክረምት መጋዘን ውስጥ የተከመሩትን የተሰበሩ ዴስኮች አንድ በአንድ በየደ። ማንም አልጠየቀውም፤ እሱ ነው መጥቶ የጠየቀን።

ኩራት ኃጢአት ነው ትሉኝ ይሆናል። በራስ መመካት እውነት ነው፣ ኃጢአት ነው። እኔ ግን በእነዚህ ሰዎች እኮራለሁ፤ እግዚአብሔርም በዚህ የሚቆጣኝ አይመስለኝም። በዚያች አቧራማ ከተማ፣ ማንም ሳያያቸው፣ ሐሙስን በሐሙስ ላይ እየቀጠሉ ልጆቻችንን የጠበቁ ሰዎች ናቸው። እናንተም ኩሩባቸው!

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ልጆቻችሁን ከሱስ ለመጠበቅ ምን አደረጋችሁ? ጸለያችሁ። መልካም። መከራችሁ። መልካም። ቁጣስ? እሱማ ሞልቷል፤ የእናንተ ወረቀት በግራ በኩል ስንት እንደሚሆን ራሳችሁ ታውቃላችሁ። ግን ልጃችሁን በቀን አምስት ሰዓት የያዘችውን ሴት «እንዴት እየሄደልሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቃችኋታል? ልጃችሁ አጥፍቶ «ወላጅ አምጣ» ሲባል ሳይሆን፣ እንዲያው በደህና ቀን፣ የዚያን ትምህርት ቤት በር የረገጣችሁት መቼ ነው?

ጡረታ የወጣችሁ መምህራን፣ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ «የዛሬ አስተማሪ» እያላችሁ የምትወቅሱ፣ ከኋላ ዴስክ ላይ የምትቀመጡበት ቦታ ባዶ ነው። እናንተ ርዕሳነ መምህራን፣ አንዲት ሐሙስ አታጡም። እናንተ ነጋዴዎች፣ ለምርቃት ቀን ድንኳን የምትተክሉ፣ በደህናው ማክሰኞ የት ናችሁ?

ጀማሪ ሞልቶናል ወገኖቼ። ሥልጠና እናዘጋጃለን፣ ሪባን እንቆርጣለን፣ ከበሮ እንመታለን። የጎደለን በሁለተኛው ዓመት የሚመጣ ሰው ነው። በሦስተኛው ዓመት የሚመለስ ሰው ነው። «ጊዜ የለኝም» ተብሎ «ዛሬስ?» የሚል ሰው ነው።

እስቲ እዚህ ያላችሁ መምህራን ተነሡ። አትፈሩ፣ ተነሡ። እዚያ ጥግ ያለሽው እኅቴ፣ አንቺም ተነሺ፤ አይቼሻለሁ።

አታጨብጭቡላቸው! እጃችሁን መልሱ። ጭብጨባ ለምደውታል፤ ጭብጨባው እዚህ በር ላይ ሲደርሱ ያልቃል። እያንዳንዳችሁ በአጠገባችሁ ወደ ቆመው መምህር ዘወር በሉ። ስሙን ጠይቁት። ትምህርት ቤቱን ጠይቁት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ መልሱንም ሳታገኙ እንዳትቀመጡ፦

«በየትኛው ቀን ልምጣ?»